አማቴ በየቅዳሜው የሚያጠጡኝ ሰናመኪ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ደሴ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ኮምቦልቻ፣ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ። ሰርቪሱ የሚወስደን ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ ልወጣ ስል ሻይ በዳቦ ቀማምሼ እሮጣለሁ። ሆዴ ውጪ ውጪ የሚለኝ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ነው። እዚያ ከሰርቪሱ መውረድ አይቻልም። ፋብሪካ ስንደርስ ደግሞ ወዲያው ሥራ ይጀመራል፤ ሽንት ቤት ለመሄድ ማስፈቀድ አለ፣ ወረፋ አለ፣ የማይዘጋ በር አለ። ስለዚህ እይዘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስሜቱ ራሱ ይጠፋል። ላለመመላለስ ብዬ ውሃም አልጠጣም።

አሁን የምወጣው በአራት በአምስት ቀን አንዴ ነው፤ እሱም እንደ ፍየል በጠጥ የደረቀ፣ በስንት ማማጥ። ከሁለት ወር ወዲህ ሶፍቱ ላይ ቀይ ደም አያለሁ። ጤና ጣቢያ ደም ማነስ አለብሽ ብለው የአይረን ክኒን ሰጥተውኝ ነበር፤ ድርቀቱን ስላባሰብኝ ተውኩት።

አማቴ ድርቀቱን ስላወቁ በየቅዳሜው ማታ ሰናመኪ አፍልተው ያጠጡኛል። እሑድ ስቆረጥና ስመላለስ እውላለሁ። ሰኞ ማሽኑ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። እስከ ረቡዕ ምንም የለም፤ ሐሙስና ዓርብ እንደገና መነፋት ነው። አልጠጣም እንዳልላቸው ይከፋቸዋል፤ የሚያዩኝ እንደ ልጃቸው ነው። ስለ ደሙ ለእሳቸውም ለባለቤቴም አልተናገርኩም፤ አፈርኩ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ይብስብኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከደሴ»

መልስ

እህቴ፣ ከደሙ እንጀምር፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል፣ ይሄ ግን መታየት አለበት። ደረቅ ሰገራ ከወጣ በኋላ ሶፍት ላይ የሚታይ ደማቅ ቀይ ደም አብዛኛውን ጊዜ የፊንጢጣ መሰንጠቅ ወይም ኪንታሮት ነው። ሲወጣ የሚቆርጥ፣ ከወጣም በኋላ ቆይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ስንጥቅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሳያም የሚንጠባጠብ ከሆነ ወደ ኪንታሮት ያደላል። ሁለቱም ሕክምና አላቸው። ሁለት ወር የቆየ መድማትና ደም ማነስ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን በደብዳቤ ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ክኒኑን የሰጠሽ ጤና ጣቢያ ተመለሽና ሁለቱን አያይዘሽ ንገሪያቸው፦ «ደም ማነስ አለብሽ ተብያለሁ፤ ስወጣ ደግሞ ደም አያለሁ።» ያን ጊዜ ስለ ደሙ ካልነገርሻቸው አያይዘው ሊያስቡት አይችሉም ነበር። ሴት ባለሙያ እንድታይሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ምርመራው የጥቂት ደቂቃ ነው።

እስከዚያው ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርገሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተቀመጭበት፤ በተለይ ከወጣሽ በኋላ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ጨውም ዲቶልም አይጨመርበት። ሙቀቱ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላዋል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። «ኪንታሮት ያደርቃል» ተብሎ የሚሸጥ ቅባት ግን ሳትታዪ እንዳትሞክሪ፤ ስንጥቅ ላይ የሚያቃጥል ነገር ሲደረግበት ቁስሉ ይሰፋል።

አይረኑን ለምን እንደተውሽው ይገባናል። ብዙ ሰው ያደርቃል፣ ሰገራንም ያጠቁራል፤ ጥቁረቱ ከክኒኑ ነውና አያስደንግጥሽ። (ክኒኑን ሳትወስጂ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካየሽ ግን ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ።) ጤና ጣቢያ ስትሄጂ «አንድ ቀን እያሳለፍኩ ልውሰደው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ለብዙ ሰው ሆድ ይቀላል፤ ሰውነትም ከእያንዳንዱ ክኒን የበለጠ አይረን ይወስዳል። ከሻይ ጋር አትዋጪው፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለያዩ።

አሁን ወደ ሰናመኪው። አማትሽ የሚያፈሉት ዝም ብሎ ቅጠል አይደለም። ፋርማሲ ከሚሸጡት የድርቀት ክኒኖች አንዱ የሚሠራው ከዚሁ ተክል ነው። ትልቁን አንጀት ቀስቅሶ እንዲኮማተር ያደርገዋል፤ ለዚህም ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። ቅዳሜ ማታ ጠጥተሽ እሑድ ጠዋት የሚያጣድፍሽ ለዚህ ነው። ክኒኑ ላይ ግን ሚሊግራሙ ተጽፏል። በእፍኝ ተዘግኖ የተፈላ ቅጠል በቅጠሉ ብዛትና በአፈላሉ አንዱ ሳምንት ደካማ፣ ሌላው ሳምንት ኃይለኛ ይሆናል። «አንጀትን ለዘለዓለም ያሰንፋል» የሚባለው በልኩ ለሚወስድ ሰው የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ሲበዛና ሲደጋገም ግን ውሃና ፖታሲየም የሚባለውን ጨው ከሰውነት ያሟጥጣል፤ የሰኞው መንቀጥቀጥ ከዚህም ከደም ማነሱም ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ስሌቱ ነው። እሑድ አንጀትሽ ሙልጭ ብሎ ባዶ ይሆናል። ባዶ የሆነ አንጀት እንደገና ሞልቶ የሚወጣ ነገር እስኪኖረው ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ እስከ ረቡዕ «ምንም የለም» ያልሽው ድርቀት ሳይሆን የሚወጣ ነገር አለመኖሩ ነው። አንቺ ግን ድርቀቱን መቁጠር የምትጀምሪው ከእሑድ ነው። ሐሙስ እውነተኛው ስሜት ሲመጣ ሐረጎ ላይ ያገኝሽና ትይዢዋለሽ፤ ዓርብ ይደርቃል፤ ቅዳሜ ሰናመኪው ይመለሳል። እንዲህ ስትዞሪ የራስሽ አንጀት በራሱ ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ የምታዪበት አንድ ሳምንት እንኳ አላገኘሽም። በነገራችን ላይ በየቀኑ መውጣት ግዴታ አይደለም፤ በሳምንት ከሦስት ጊዜ ያላነሰ፣ ለስላሳና የማያስምጥ ከሆነ ጤነኛ ነው።

ሰናመኪውን ተይው ስንልሽ ወደ ኮሶ ወይም ወደ ጉሎ ዘይት ዙሪ ማለታችን አይደለም። ኮሶ የኮሶ ትል ማስወጫ ነው፤ ሲበዛም ይመርዛል። የሳሙና ውሃ በፊንጢጣ ማስገባትም አንጀትን ያቆስላል። ደግሞስ፣ እርግዝና ሊኖር ይችላል ብለሽ ትጠረጥሪያለሽ? እንዲህ ከሆነ መጠኑ የማይታወቅ የሚያስቀምጥ ነገር ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ ከዚህ በታች የምንነግርሽን ተልባም ቢሆን ጤና ጣቢያ ጠይቀሽ ጀምሪ።

አማትሽን እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? «አልጠጣም» ብቻውን ቢከፋቸው አይፈረድባቸውም፤ ያወቁትን ያህል እየረዱሽ ነው። ሰናመኪውን ስትመልሺ በእጃቸው ሌላ ሥራ ስጫቸው። «እማማ፣ ሰናመኪው እየሠራ ነው ግን ሰኞ ሥራ ላይ ሊጥለኝ ነው። ተልባ በየቀኑ በልኩ ብጠጣ ይሻላል ተብያለሁ፤ እርስዎ ቆልተው ቢወቅጡልኝ?» ብትያቸውስ? ስለ ደሙም ብትነግሪያቸው ምን ይሉ ይሆን? ምናልባት በወሊድ ጊዜ እሳቸውም ያሳለፉት ነገር ሊሆን ይችላል። ለባለቤትሽ ደግሞ ዝርዝሩ አያስፈልገውም፦ «ስወጣ ይደማኛል፤ ሐኪም ልታይ ነውና አብረኸኝ ሂድ» በቂ ነው። የምትፈሪው ምን እንደሚል ነው ወይስ ነገሩን በአፍሽ ማውጣቱን? ሁለተኛው ከሆነ በስልክ ጽፈሽ ላኪለት።

ተልባውን ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር ልብ በይ። አራት አምስት ቀን የተጠራቀመ ደረቅ ሰገራ ባለበት ተልባ ብትጨምሪበት ከኋላ ገፍቶ መነፋት ብቻ ነው የሚያተርፍልሽ። መጀመሪያ የተጠራቀመው ይለስልስና ይውጣ። ለዚህ የዋሁ መድኃኒት ላክቱሎዝ የሚባለው ሽሮፕ ነው። ትንሹ አንጀት የማይመጠው የስኳር ዓይነት ስለሆነ ውሃ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቁርጠቱም እንደ ሰናመኪ አይደለም። ፋርማሲ ትገዢና ጠዋትና ማታ 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ትወስጃለሽ። ለመሥራት አንድ ወይም ሁለት ቀን ስለሚፈጅበት «አልሠራም» ብለሽ በላዩ ላይ ሰናመኪ አትደርቢበት። ሆድ ያንጓጓል፣ ጋዝ ያመጣል፤ ይህ የተለመደ ነው። በፊንጢጣ የሚገባው የግሊሰሪን መድኃኒት ፈጥኖ ይሠራል፤ ስንጥቅ ላለበት ሰው ግን ማስገባቱ ራሱ ያማል። ሰገራሽ ሲለሰልስ ተልባውን ጀምሪ፤ ላክቱሎዙን ከተልባው ጎን ለጎን ሁለት ሳምንት ያህል ቀጥለሽ ቀስ በቀስ ቀንሺው። ቁስሉ የሚድነው ሰገራው ለስላሳ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው።

ተልባ ግማሽ ኪሎ ግዢ፤ ለአንድ ሰው ወር ገደማ ያደርሳል። ተበጥሮና ተለቅሞ በመካከለኛ እሳት እስኪንጣጣ ብቻ ይቆላ፤ ከጠቆረ ይመራል። ሲቀዘቅዝ ይወቀጥ፤ ድፍኑ ሳይላም እንዳለ ያልፋል። ዘይት ያለው እህል ስለሆነ ከተወቀጠ በኋላ ሲቆይ ሽታው ይለወጣል፤ የሳምንት የሳምንቱን ብቻ ወቅጦ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ማታ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ 20 ደቂቃ ተዪው፤ ዝልግልግ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚሳሳቱት አለ፦ ተልባ ለመጠጥ ሲዘጋጅ ይጠለልና አተላው ይደፋል። ለጾም መጠጥ ይሁን፤ ለድርቀት ግን የሚፈለገው አተላው ነው። ሳታጠይ አማስለሽ ጠጪው፣ በላዩም ሌላ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጨምሪ። ውሃ ካነሰው ተልባው የሚያብጠው አንጀትሽ ውስጥ ያለውን ውሃ መጥጦ ነው፤ ያኔ ያላቅቃል የተባለው ራሱ ያደርቃል። «ተልባ ሞከርኩ፣ ባሰብኝ» የሚሉ ሰዎችን ብትጠይቂያቸው አብዛኞቹ በማንኪያ ቅመው ሁለት ጉንጭ ውሃ ያስከተሉ ናቸው። ከሳምንት በኋላ፣ ሆድሽ ከለመደው፣ ጠዋት አንድ ማንኪያ መጨመር ትችያለሽ። ከአይረኑ ክኒን ሁለት ሰዓት ይራቅ።

ከሁሉ በላይ ግን ሐረጎ ላይ የሚመጣብሽን ስሜት ነው የምንፈልገው። ሆድ ምግብ ሲገባበት ትልቁ አንጀት ለመግፋት ይነሳል፤ ይህ በጠዋት ይበረታል፣ ከበሉ በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይሰማል። አንቺ ዳቦሽን የምትበዪው 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ሐረጎ ላይ የምትደርሺው ደግሞ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ነው። አንጀትሽ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ እዚያ ባልቀሰቀሰሽ ነበር። ሰዓቱን የሚያውቅ አንጀት ነው ያለሽ፤ ቁርሱ ነው የዘገየበት።

ስለዚህ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሺ። ያንን ግማሽ ሰዓት ከእንቅልፍ መቁረጥ ለአንቺ ምን ያህል ይከብዳል? የሚከብድ ከሆነ ማታ ቀድሞ መተኛት የሚቻል መሆኑን ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩበት። ማታ በፔርሙዝ ያስቀመጥሽውን ሙቅ ውሃ አንድ ብርጭቆ ጠጪ፣ ወዲያው ብዪ፦ የማታ እንጀራ ፍርፍር፣ ቅንጬ፣ ወይም በሶ። ቡና ካለ እሰየው፤ አንጀትን ያነቃል። ከዚያ እየለበስሽ፣ እየተዘጋጀሽ ቆዪና 11 ሰዓት ላይ፣ ስሜት ቢኖርም ባይኖርም፣ ሽንት ቤት ግቢ። የጋራ ሽንት ቤት ከሆነ ያን ሰዓት ወረፋ ስለማይኖር ለአንቺ ይመቻል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ፤ ስልኩ ውጭ ይቅር። ካልመጣ ተነሺ፣ አታምጪ። የመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ጠዋት ምንም ላይኖር ይችላል፤ አንጀት አዲሱን ሰዓት ለመልመድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስድበታል። እሑድም በዚያው አካባቢ ተነሺ፤ እስከ ሦስት ሰዓት ከተኛሽ ሰኞ እንደ አዲስ መጀመር ይሆናል።

አቀማመጡም ቀላል ነገር አይደለም። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ከሆነ ተረከዝሽ መሬት ይንካ፣ ወደፊት ዘንበል በይ። መቀመጫ ያለው ከሆነ ከእግርሽ ሥር አንድ ስንዝር የሚሆን በርጩማ አድርጊ፤ ጉልበትሽ ከዳሌሽ ከፍ ሲል መውጫው ይቃናል። ትንፋሽሽን ይዘሽ ከመግፋት አፍሽን ከፈት አድርገሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ሆድሽን ወደ ውጭ ልቀቂው። ሰገራው ለስልሶ እንኳ በሩ ላይ ደርሶ የሚቆም፣ የማይወጣ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪው፤ መላላት ያለበት ጡንቻ በተቃራኒው የሚኮማተርባቸው ሰዎች አሉ፣ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ውሃውን በተመለከተ የኮምቦልቻ ሙቀት የደሴ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ እያላበሽ ሳትጠጪ ስትውዪ አንጀትሽ የጎደለውን ውሃ ከሰገራው ይመጠዋል። በቀን አንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ድረሺ፤ ሦስት አራት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው። መመላለሱን ከፈራሽ በዕረፍትሽ ዙሪያ አከፋፍዪው፦ ከምሳ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ግማሽ ሊትር፣ በምሳ ግማሽ፣ ከሥራ ስትወጪ ግማሽ፣ የቀረው ማታ ከተልባው ጋር። ለተቆጣጣሪሽ «ለጤናዬ ውሃ መጠጣት አለብኝ፣ አንዳንዴ በአስቸኳይ ልወጣ እችላለሁ» ማለት ምስጢርሽን ማውጣት አይደለም። ጤና ጣቢያው ይህንኑ በወረቀት እንዲጽፍልሽም ጠይቂ፤ ከአንቺ አፍ ይልቅ ወረቀት ይሰማል። ስሜቱ ሥራ ላይ ከመጣ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስታልፊው ሰገራው እዚያው ተቀምጦ ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል፤ የሚቀጥለው ጥሪም ደከም ብሎ ይመጣል።

የምትበዪውን አልጻፍሽልንም። ምሳው በብዛት ፓስታ፣ ሩዝና የፉርኖ ዳቦ ነው? ከሆነ ከቤት መያዝ ከተቻለ የጤፍ ወይም የማሽላ እንጀራ በድፍን ምስርና በጎመን ሌላ ነገር ነው። ለመክሰስ ከብስኩት ይልቅ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ አንድ እፍኝ። የበሰለ ፓፓያ፣ ብርቱካን ከነነጩ ሥጋው። ሁሉንም በአንድ ቀን አታምጪው፤ በሁለት ሳምንት ቀስ እያልሽ ጨምሪ፣ አለዚያ በጋዝ ተነፍተሽ ትተዪዋለሽ። በበለስ ወቅት ደግሞ ተጠንቀቂ፤ አሥር አሥራ አምስት ፍሬ ከነዘሩ ከተዋጠ ዘሩ ታች ተከማችቶ እንደ ጠጠር ይደፍናል፤ ሐኪም ቤት ገብተው በጣት የሚወጣላቸው ሰዎች አሉ።

ትቅሚያለሽ? ሳንጠይቅሽ ብናልፍ ትክክል አይሆንም፤ በወዳጃ (ሰው ለዱዓ በሚሰባሰብበት) ላይ የሚቅም የማይጠፋበት አገር ነው። ጫት አንጀትን ያዘገያል፣ ውስጡ ያለው ታኒን ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል፤ የእሑድ ከሰዓት ጫት የሰኞን ጠዋት ይበላዋል። የማትቅሚ ከሆነ ይህን አንቀጽ ለጎረቤት አድርሽው።

ይህን ሁሉ ሦስት አራት ሳምንት ይዘሽው ካልተለወጠ፣ ወይም ክብደትሽ ያለምክንያት ከቀነሰ፣ ወይም ደሙ ከሰገራው ጋር ተቀላቅሎ ከታየ ወደ ሆስፒታል እንዲልኩሽ ጠይቂ። ሆድ በድንገት ተወጥሮ፣ ፈስ እንኳ አልወጣ ብሎ፣ ማስታወክና ኃይለኛ ቁርጠት ከመጣ ግን ይህ ድርቀት ላይሆን ይችላል። አንጀት ሲታጠፍ እንዲህ ነው፤ በአገራችንም ብርቅ አይደለም። ያኔ ሰናመኪም፣ ተልባም፣ ምንም ነገር ሳይወሰድ ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ረመዳን ላይ ሰዓቶቹ ይገለበጣሉ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ቁርስሽ ሱሁር ነው፤ ከሱሁር በኋላ ከመውጣትሽ በፊት ያለችውን 20 ደቂቃ ለሽንት ቤት ጠብቂያት። ተልባውን በሱሁር ሳይሆን ከኢፍጣር በኋላ ውሰጂ፤ ማታውን በሙሉ ውሃ የመጠጣት ዕድል ስላለሽ። ማፍጠሪያውን በተምርና በሁለት ብርጭቆ ውሃ ጀምረሽ ሾርባ አስከትዪ፤ ሳምቡሳው ይድረስ፣ ግን ከሾርባው በኋላ። ደም ማነሱ ሳይታከም ረመዳን ከደረሰ ግን ስለ ጾሙ ራሱ ሐኪምሽን ቀድመሽ አማክሪ።